ሰንጢዬ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጫፏ ግን የለም

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ሰንጢዬን ከኪሴ ሳወጣ አየና "ይቺ ነገር እስካሁን አለች?" አለኝ። አለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ስትፋጭ ኖራ እጀታዋ ተቧጭሮ ቀለሙ ለቋል፣ ሁለቴ ደግሞ ሱሪ ኪስ ውስጥ ተረስታ ማጠቢያ ማሽን ገብታ ወጥታለች፣ ምንም አልሆነችም። ጫፏ ብቻ ነው የሌለው፣ እሱም በኔው ጥፋት።

የቀለም ቆርቆሮ ልከፍት ነበር። ካቻቪቴው ሌላ ክፍል ነው፣ ሄጄ ላምጣ ማለት ደከመኝና የሰንጢዋን ጫፍ ክዳኑ ስር ሰክቼ ወደ ላይ ፈንቀል ሳደርገው ቀጭ! የሩዝ ፍሬ የምታክል ብረት ተፈናጥራ ሄደች፣ እስካሁን አልተገኘችም። ስለት ለመቁረጥ እንጂ ለመፈንቀል አልተሠራም፣ ጫፉ ጋ ያለው ብረት ደግሞ ስስ ስለሆነ ወደ ጎን ሲጫኑት አቅም የለውም።

ከዛ ወዲህ ነው ስለ ብረት ማንበብ የጀመርኩት። እኛ ዝም ብለን "ጠንካራ" እንላለን እንጂ ነገሩ ሁለት ነው፣ አንደኛው ደረቅነት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ሳይሰበሩ ጫናን መቻል፣ ደረቅ ብረት ስለቱን ቶሎ አይለቅም ግን ሲከፋው ይሸረፋል ወይ ይሰበራል፣ ለስለስ ያለው ደሞ ቶሎ ይደንዛል ግን ቢጎዳም ይጣመማል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ደረቅነቱ የሚለካው ሮክዌል በሚባል መለኪያ ነው፣ የቪክቶሪኖክስ ቀይ የስዊስ ሰንጢ 56 አካባቢ ላይ ነው፣ ውድ ውዶቹ 60 እና ከዛ በላይ ይሄዳሉ። ለኔ አይነቱ ካቻቪቴ ለማምጣት ለሚሰንፍ ሰው ለስላሳው ይሻላል ባይ ነኝ፣ በዛ ላይ ለመሳልም አያስቸግርም።

የገረመኝ ግን ካርቶን ነው! ገመድ፣ ፕላስቲክ፣ ሽቦ ልባሱን መላጥ ምናምን ብዙም አይጎዳትም፣ እቃ የመጣበትን ካርቶን ስቆራርጥ ከዋልኩ ግን ማታ ወረቀት እንኳን በደንብ አትቆርጥም። ካርቶን ውስጥ ደቃቅ ማዕድንና ቆሻሻ ስላለ ስለቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ሳህን ላይ መቁረጥ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፣ ተዉት።

ሞረድ ከሌላችሁ የሸክላ ስኒ ገልብጡ፣ ታች ያለው ያልተቀባው ሻካራ ክብ ይስላል። ስለቱን ትንሽ ብቻ፣ 20 ዲግሪ ገደማ ቀና አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ጎትቱት፣ በአንዱ ጎን አምስት ስድስቴ ከዛ በሌላው። ቆንጆ አይሆንም ግን ይቆርጣል።

ማጠፊያዋ ሲጠጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም፣ የኪስ ብናኝ ነው። ሞቅ ባለ ውሃና ሳሙና እየከፈትኩ እየዘጋሁ አጥባታለሁ፣ በደንብ አደርቃትና አንድ ጠብታ ዘይት። የኔዋ መቆለፊያ የላትም፣ ስለቷን የሚይዘው ሞላ ብቻ ነው፣ ስለዚህ በጫፏ ነገር ለመውጋት ስትሞክሩ ተመልሳ ጣት ላይ ትታጠፋለች (ጠባሳው አመልካች ጣቴ ላይ አለ)። ኦፒኔል የሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ሠሪ እጀታው ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት በ1955 የጨመረው ለዚሁ ነው፣ ስለቱ እንዳይታጠፍ።

የተሰበረውን ጫፍ ድንጋይ ላይ ፈግፍጌ አሹዬዋለሁ፣ ትንሽ አጠረች እንጂ ትሠራለች። የቀለሙን ክዳን ደግሞ በመጨረሻ በማንኪያ እጀታ ነው የከፈትኩት።