ስለ ሽንት ማምለጥ ቀዶ ሕክምና፦ ምን መረጥኩ፣ ለምንስ መረጥኩ

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሳስል፣ ሳስነጥስ፣ ከት ብዬ ስስቅ ሽንት ያመልጠኝ ጀመር። የምኖረው ለንደን ነው። አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ስለምንከባከብ ሰው ደግፎ ማንሳትና ማስቀመጥ የዕለት ሥራዬ ነው፤ እሱም ያባብሰው ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ግን ስግደት ነው። በሰሙነ ሕማማት ወድቄ ስነሣ ጠብ ይላል። እናም ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ መቆም ለመድኩ። ይህን የምጽፈው እንደዚያ ውጭ ቆመው ለሚጸልዩ እህቶቼ ነው።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ልጄ፣ ፊስቱላ ነው እንዴ?» አለችኝ። ብዙ ሰው የሚያስበው ይህንኑ ነው። ፊስቱላ በተራዘመ ምጥ ሳቢያ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ሲፈጠር የሚመጣ ነው፤ ሽንቱ ሌት ተቀን ይፈስሳል። የእኔ ዓይነቱ ግን የሽንት ቧንቧውን ከሥር የሚደግፉት ጡንቻዎችና ጅማቶች በእርግዝናና በወሊድ ሲላሉ ይከሰታል፤ በሆድ ውስጥ ግፊት ሲጨምር ቧንቧው ጥብቅ ብሎ መዘጋት ያቅተዋል። ሁለቱ የሚገናኙበትም ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የገቡት ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ዕድሜያቸውን በሰጡለት በፊስቱላ ሕክምና ቀዳዳቸው ከተደፈነላቸው ሴቶች መካከል እንኳ፣ ሲያስሉና ሲንቀሳቀሱ ሽንት የሚያመልጣቸው አሉ።

ሕክምናው በቀዶ አልተጀመረም። በብሪታኒያ አሠራር መጀመሪያ በፊዚዮቴራፒስት ክትትል ቢያንስ 3 ወር የዳሌ ወለል ጡንቻን ማሠራት ያስፈልጋል፦ በቀን 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ቢያንስ 8 ጊዜ ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳብ አድርጎ መያዝ። ባለሙያዋ በጣቷ መርምራ ጡንቻው በትክክል መሳቡን አረጋገጠችልኝ። ይህ ምርመራ ሊቀር አይገባም፤ እየሳቡ እየመሰላቸው ወደ ታች የሚያምጡ ሴቶች ብዙ ናቸውና። ማምለጡ ቀነሰልኝ፤ ሰው ሳነሳ ግን አልቆመም።

ለቀጠሮዎቹ አማርኛ የምትናገር ሴት አስተርጓሚ እንድትመደብልኝ ጠየቅኩ፤ ያለ ክፍያ መጣችልኝ። ልጄ እንግሊዝኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ሆኖም አንዲት ልጅ የእናቷን ገመና እንድታስተረጉም ማድረግ ለሁለታችንም ከባድ ነው። በእሷ ፊት ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት መጠየቅ አልችልም ነበር፤ መጠየቅም ግድ ነበር።

እንቅልፍ የራቀኝ ምርጫው ላይ ነው። ስዊድናዊው ዶክተር ኡልፍ ኡልምስተን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቁት፣ ከፖሊፕሮፒሊን መረብ የተሠራ ጥብጣብ በሽንት ቧንቧው ሥር የሚቀመጥበት ዘዴ አለ። ቀዶው አጭር ነው፤ ብዙ ሴቶችንም አድኗል። ነገር ግን መረቡ የብልትን ግድግዳ በልቶ የወጣባቸውና ለዘላቂ ሕመም የተዳረጉ ሴቶች ድምፃቸውን አሰሙ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 በእንግሊዝ አጠቃቀሙ ለጊዜው እንዲቆም ተደረገ፤ በ2020 የወጣው የባሮነስ ጁሊያ ካምበርሌጅ መርማሪ ቡድን ሪፖርትም ሴቶቹ አቤቱታቸውን የሚሰማ አጥተው እንደኖሩ አረጋገጠ። ሪፖርቱ እስከ ዛሬ ያስቆጣኛል። ሥጋ በመረቡ ውስጥ ካደገ በኋላ መረቡን ማውጣት እጅግ ከባድ ነው።

የቀሩልኝ አማራጮች ሦስት ነበሩ። በቧንቧው ዙሪያ የሚወጋው ጄል ቀላል ነው፤ ኃይሉ ግን ሊቀንስና ሊደገም ይችላል። ሁለተኛው፣ በፊኛው አንገት አጠገብ ያለውን የብልት ግድግዳ ወደ ላይ ስቦ ከዳሌ አጥንት ጀርባ ካለው ጅማት ጋር መስፋት ነው። ሦስተኛው የሆድ ጡንቻን ከሚሸፍነው ጠንካራ ነጭ ሽፋን ቀጭን ቁራጭ ወስዶ፣ ልጅን ከሥር እንደሚይዝ አንቀልባ ቧንቧውን መደገፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አወዳድሮ፣ ማምለጡን በማስቆም የራስ ሽፋኑ እንደሚበልጥ፣ ነገር ግን የሽንት ኢንፌክሽንና ለመሽናት መቸገር እንደሚበዛበት አሳይቷል። ሥራዬ ሸክም ስለሆነ የሚጸናውን፣ ሦስተኛውን መረጥኩ። ዶክተሯ ሌላ ልጅ እፈልግ እንደሆነም አስቀድማ ጠየቀችኝ፤ እርግዝናና ወሊድ ጥገናውን ሊያበላሹት ይችላሉ።

ከቀዶው በፊት ቀጭን ቱቦ አስገብተው ፊኛዬን በውኃ ሞሉና ቆሜ እንዳስል አደረጉኝ፤ በሰው ፊት ሲፈስሰኝ አለቀስኩ። ነርሷ ፎጣ አቀበለችኝና «የመጣነው ይህንኑ ለማየት ነው» አለችኝ። ካቴተር በሚባለው ቀጭን ቱቦ ራሴን ማሸናትም ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ መስተዋት ይዤ፣ እጄን ታጥቤ፣ ቀስ ብዬ። ከቀዶው በኋላ ሽንቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣ ሲል ይህ ትምህርት ከድንጋጤ አዳነኝ። ቆይቶ በራሱ መውረድ ጀመረ።

ጠያቂ ሲጎርፍ ተነሥቼ ቡና እንዳላፈላ ባለቤቴ ከበር ጀምሮ ይከላከል ነበር፤ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነውና። ድርቀት ስፌቱን እንዳያስጨንቀው ተልባ እየበጠበጠ ያጠጣኝም እሱ ነው።

አሁን ሰው ሳነሳ አያመልጠኝም። ሽንቴ ከድሮው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ሳላምጥ እጠብቀዋለሁ። አልፎ አልፎም ድንገት ይቸኩለኛል፤ ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሮኛል። ከመፈረሜ በፊት ዶክተሯን ሦስት ነገር ጠይቄያት ነበር፦ ይህን ቀዶ በዓመት ስንት ጊዜ ትሠሪያለሽ? መሽናት ካቃተኝ ምን ይደረግልኛል? ከዓመታት በኋላ ችግር ቢመጣ ማን ያየኛል? ሦስቱንም ሳትቸኩል መለሰችልኝ፤ የሦስተኛውን መልስ ደግሞ በጽሑፍ አድርጋ ሰጠችኝ።