ማማው መድረክ የሆነበት ከተማ

በምዕራብ ግሪክ ካለችው ከሚሶሎንጊ ያሳፈረኝ ባለታክሲ፣ ፍርስራሿን ላይ የመጣሁባትን ጥንታዊት ከተማ ስም ጠርቼ «ፕሌቭሮና» ስለው «የወይዘሮ ሪኒ ግንብ ማለትዎ ነው» ብሎ አረመኝ። «እስር ቤቱን ሳያዩ እንዳይመለሱ» ሲልም አደራ ጨመረበት።

በነሐሴ፣ ያውም በእኩለ ቀን፣ የአራኪንቶስ ተራራን ጎን የሚወጣ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። የጥንቶቹ ሰዎች እንኳ ወደው አልወጡትም። የቀድሞ ከተማቸው ታች ለም ሜዳ ላይ ነበረች። የመቄዶንያው ንጉሥ ዳግማዊ ዲሜትሪዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ234 ገደማ ሲያጠፋባቸው ሽቅብ ወጥተው አዲስ ከተማ ቆረቆሩ፤ 30 ያህል ማማዎችና 7 በሮች ባሉት ቅጥርም አጠሯት። ጥርብ ድንጋዮቹ የተገጣጠሙት ያለ ኖራ ነው። የአውቶቡስ ትኬቴን በመጋጠሚያቸው ላሾልክ ሞከርኩ፤ ሁለት ቦታ ገባልኝ፣ ሦስተኛው ላይ ታጥፎ ቀረ።

«እስር ቤቱ» ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ትልቅ የውኃ ጉድጓድ ነው። በውስጡ የቆሙት ግድግዳዎች ክፍል ክፍል ያስመስሉታል። ከግድግዳዎቹ ግርጌ፣ ድንጋዮቹ ከግራና ከቀኝ እየተጠጉ ጫፍ ላይ የሚገናኙባቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳዎች አሉ፤ ውኃው ከክፍል ክፍል የሚተላለፈው በእነርሱ ነበር። አሁን ደርቋል። ጎንበስ ብዬ ባየሁት ጊዜ የባለታክሲው ወሬ ያን ያህል አላሳቀኝም፤ የእስር ቤት በር ይመስላል።

ቲያትር ቤቱ ትንሽ ነው፤ ዝነኛውን የኤጲዳውሮስን ጥንታዊ ቲያትር ያየ ሰው ሊንቀው ይችላል። እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የወደድኩት እርሱን ነው። ከቅጥሩ ጋር ተጣብቆ ስለተሠራ፣ ከመድረኩ ጀርባ የቆመው ከተማዋን የሚጠብቀው ማማ ራሱ ነው። ተዋናዮቹ ይዘጋጁ የነበረው እዚያ ነው። ጠላት በጨዋታው መካከል ቢመጣ ኖሮ ጭንብል ያጠለቀውና ጋሻ ያነገበው በአንድ በር በተጋፉ ነበር! ከላይኛው መቀመጫ ላይ ሆኜ ከቅጥሩ ማዶ የሚሶሎንጊን ጥልቀት የለሽ የባሕር ሐይቅ አየሁ፤ ውኃው ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል። ላቤ እስኪደርቅ ድረስ አልተነሣሁም።

ባለታክሲው ጥላ ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል።

«እስር ቤቱን አዩት?»

«የውኃ ማጠራቀሚያ እኮ ነው» አልኩት።

«የወይዘሮ ሪኒ እስር ቤት ነው» አለና ሞተሩን አስነሣ።