ከ150 አንድ

በእርግዝናዬ የምርመራ ወረቀት ላይ «ከ150 አንድ» የሚለውን ሳነብ በማህፀኔ ያለው ልጄ ዳውን ሲንድሮም (ዘረመልን ከሚሸከሙት ክሮሞዞሞች 21ኛው ከሁለት ይልቅ ሦስት ሲሆን የሚከሰተው ሁኔታ) እንዳለበት የተረጋገጠ ያህል ደነገጥኩ። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ስለ ዕድል ብቻ ነው፤ ተመሳሳይ ውጤት ካላቸው 150 እርግዝናዎች መካከል በ149ኙ ሁኔታው አይኖርም ማለት ነው። ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚደረገው ይህ የልየታ ምርመራ፣ በፅንሱ ማጅራት ሥር ያለውን ፈሳሽ ውፍረት በአልትራሳውንድ ለክቶ፣ ከእናቲቱ ዕድሜና ከደም ምርመራዋ ጋር በማዳመር ዕድሉን ያሰላል። 21ኛው ክሮሞዞም ሦስት መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጠው ከእንግዴ ልጅ፣ ወይም ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ከሽርት ውሃ የሚወሰድ ናሙና ሲሆን፣ አነስተኛ ቢሆንም ፅንሱ እንዲጨነግፍ የማድረግ ስጋት አለው።

እውነቱን ለመናገር፣ «ክፉ አታስቢ» የሚለው ማጽናኛ አልረዳኝም፤ ይልቁንም ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሐኪሙን የምንጠይቃቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሲጽፍ ትንፋሼ ተመለሰ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ልብ ነበር፤ ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ስለሚወለዱና ብዙው በቀዶ ሕክምና ስለሚስተካከል፣ አስቀድሞ ማወቁ የመውለጃውን ቦታ ለመምረጥ ይጠቅማል። ናሙናውን ለመስጠት የወሰንኩትም እርግዝናውን ለማቋረጥ አስቤ ሳይሆን ለዚሁ ዝግጅት ነው፤ ሌላዋ እናት ሳትመረመር መጠበቅን ብትመርጥ ደግሞ ማንም ሊወቅሳት አይገባም።