ካሴቱን ስጡ፣ ሽፋኑን ግን እንዳትሰጡ

ስለ ሙዚቃ መጻፍ ያቆምኩት በ2006 ነው። ትልቅ ጸሐፊ ምናምን ሆኜ አይደለም፣ ታክሲ ውስጥ የሰማሁት ዘፈን ምን እንዳስታወሰኝ ሁለት ሦስት ገጽ ጫር ጫር አድርጌ ለጓደኞቼ የማነብ፣ አንዳንዴም ለአንድ መጽሔት የምሰጥ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን አዘጋጁ "ይሄ እኮ ማስታወሻ ነው እንጂ ሂስ አይደለም፣ እስቲ ስለ ቅኝቱ አንድ ነገር በይበት" አለኝ። እኔ ደግሞ ትዝታን ከባቲ በጆሮዬ እለያለሁ እንጂ ለምን እንደሚለያዩ አስረጂ ብትሉኝ አልችልም። አፈርኩና ተውኩት። ከዛ ልጅ መጣ፣ ሥራ መጣ፣ በቃ አስራ አንድ ዓመት።

የመለሰኝ የጫማ ካርቶን ነው። በ2016 አዲስ አበባ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው የእናቴ ቤት ሊፈርስ እቃ ስንጭን ከአልጋ ስር 23 ካሴት ወጣ፣ የአባዬ፣ አብዛኛው የደርግ ጊዜ። የወረቀት ሽፋኖቹ ጀርባ ላይ፣ ነጩ ጎን፣ ልጅ ሆኜ በቢክ የጻፍኳቸው አሉ፣ የመጀመሪያ የሙዚቃ ጽሑፎቼ ማለት እነሱ ናቸው። ግማሾቹን እንኳን ሳላነብ "በኋላ" ብዬ ካርቶኑን ዘጋሁት።

በ2017 ልጀምር ስል ደብተር ገዛሁ፣ ስልኬ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ጫንኩ፣ ልጄ ከተኛች በኋላ ያለውን ሰዓት የኔ ነው አልኩ። ይሄ ቀላል ነበር።

የተበላሸው ካሴቶቹን ወደ ፍላሽ ላስገለብጥ ስሄድ ነው። ስታዲየም አካባቢ አንድ ሱቅ አለ ተባልኩ፣ ሄድኩ። ልጁ ሄድፎኑን ሳያወልቅ "ማዘር፣ አንዱ በ100 ብር፣ በሳምንት ውሰጂ" አለኝ። ማዘር! 41 ዓመቴ ነው። ካርቶኑን እንዳለ ሰጠሁት፣ አንድ ሽፋን እንኳን ፎቶ ሳላነሳ፣ እጄ ላይ ስልክ ይዤ እኮ ነው። ሳምንት የተባለው ሦስት ሳምንት ሆነ። መጨረሻ ላይ ፍላሹንና ራቁታቸውን በፌስታል የተሞሉ ካሴቶች አቀበለኝ።

"ሽፋኖቹስ?"

"የቱ ሽፋን? እ... ፕላስቲኩ ተሰባብሮ ነበር፣ ቦታ ያዘብንና ጣልነው። ዘፈኑ እኮ ሁሉም አለልሽ።"

አለቃውን ጥራልኝ አልኩ። መጣና ደረሰኙን ዘርግቶ "እዚህ ላይ 23 ካሴት ነው የሚለው፣ 23 ተረክበሻል፣ ወረቀት አይልም" አለኝ፣ እንደ ዳኛ ነገር። ቆሻሻው የታለ ስል ጠዋት ተወስዷል አሉኝ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ አሁንም በዛ በኩል ሳልፍ መንገድ እቀይራለሁ። በነሱ ብቻ እንዳልፈርድ ግን ካርቶኑን በእጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ፍላሹም ቢሆን ጉድ ነው። "ጫጫታውን አጽድቼልሻለሁ" ብሎኝ ነበር በኩራት። ያ ሽሽሽ የሚለው የካሴት ድምፅ የለም፣ በዘፈንና በዘፈን መሃል ያለው ዝምታ ተቆርጧል፣ አንዱ ካሴት መጨረሻ ላይ ከሬዲዮ ሲቀዳ የገባች የአባዬ ሳል ነበረች፣ እሷም የለችም። ደግነቱ ካሴቱ ላይ አለች።

ስለዚህ ምክሬ፣ ሰው ሁሉ "ለባለሙያ ስጡ" ይላል፣ እኔ ራሳችሁ አድርጉት እላለሁ። ከመርካቶ አሮጌ ቴፕ በ3,500 ብር ገዛሁ፣ ሄዱን፣ ማለት ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ በጥጥና በአልኮል ጠረግኩት፣ በአንድ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ አውዳሲቲ በሚባል የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ቀዳሁ፣ ነጻ ነው። ከምንም በፊት ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፣ ያኔ ተሳስታችሁ እንኳን ሪከርድ ብትነኩ ላዩ ላይ አይቀዳም። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም፣ ያው ቁጭ ብላችሁ ትሰማላችሁ። "ዩቲዩብ ላይ ሁሉም አለ" ለሚሉኝ ደግሞ፣ ዘፈኑ ይኖራል፣ ግን ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ የለም፣ እኔ ደግሞ የሚያስፈልገኝ እሱ ነበር።

ምክንያቱም ከጠፉት ጽሑፎች ቃል በቃል የማስታውሰው አንድ ብቻ ነው፦ "ጎን ለ፣ 3ኛው። አባዬ ይሄን ሲሰማ ቢላውን አስቀመጠ።" የየትኛው ካሴት እንደሆነ ግን አላውቅም። እና የ23ቱንም ጎን ለ፣ 3ኛውን ዘፈን አንድ በአንድ ሰማሁ፣ ስለ እያንዳንዱ ጻፍኩ፣ ይሄ ነው አባዬን ቢላውን ያስቀመጠው ወይስ አይደለም እያልኩ። በየቀኑ ጻፉ የሚባለውን አልሰማሁም፣ ካሴት ስሰማ ብቻ ነው የጻፍኩት። ስለ ቅኝትም አንድ ቃል አላነሳሁም፣ አዘጋጁ ይቅር ይበለኝ። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ግን እየጠየቅኩ እጽፋለሁ፣ ድሮ ሁሉንም ለዘፋኙ ሰጥቼ ነበር የማልፈው፣ በሱ አፍራለሁ።

አይደሉም ያልኳቸውን ሳወጣ ሦስት ዘፈን ቀረኝ። ሦስቱም ቢላ የሚያስጥሉ ናቸው። ባለፈው እሁድ ለእናቴ ኮንዶሚኒየሟ ድረስ ይዤላት ሄድኩና ተራ በተራ አሰማኋት፣ የቱ ነው ሽንኩርት ሲከትፍ ያስቆመው ብዬ። ሦስቱንም እስከ መጨረሻው ሰማችና "አንቺ ልጅ፣ አባትሽ መቼ ሽንኩርት ከትፎ ያውቃል?" አለችኝ።