ስኮፑን መርጬ ፕሮቧን ረሳኋት

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ 22 የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ፈትኜ ጣልኩ። ቀይ ምልክት እየለጠፍኩ፣ ሳጥን ውስጥ እየደረደርኩ። ያውም በኩራት። "አዲሱ ስኮፕ በገባ በሦስተኛው ቀን ይሄን ያዝኩ፤ በአሮጌው ቢሆን ሁሉም ያልፍ ነበር" አልኩት አለቃዬን። ይቺን አነጋገሬን እስከ ዛሬ እየመዘዘ ይስቅብኛል።

ነገሩ የጀመረው ከግዢው ነው። አሮጌው ኦሲሎስኮፕ (ስኮፕ የምንለው፣ የኤሌክትሪክ ሲግናልን እየሳለ የሚያሳየው መለኪያ) ስክሪኑ እየደበዘዘ ቆይቶ አንድ ጠዋት ጭራሽ ጠፋ። አለቃዬ "ከርካሾቹ ደህናውን ምረጥ" ሲለኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሳምንቱን ሙሉ ስፔክ ሳነብ ከረምኩ። ሰባት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥም ሠራሁ።

እውነቱን ለመናገር ሰንጠረዡ መጥፎ አልነበረም። ብዙ ነገር አስተምሮኛል። ለምሳሌ 50 ሜጋኸርዝ የተባለ ስኮፕ 50 ሜጋኸርዝ ላይ ሲደርስ የሲግናሉን ቁመት ወደ 70 በመቶ አውርዶ ነው የሚያሳየው። 0.35ን ለባንድዊድዙ (ለዚያ የሜጋኸርዝ ቁጥር) ብታካፍሉት የስኮፑ የራሱ ራይዝ ታይም፣ ማለትም ጠርዝ ከታች ወደ ላይ ለመሳል የሚፈጅበት ጊዜ ይወጣል፤ ለ50 ሜጋኸርዝ 7 ናኖሰከንድ፣ ለ100 ደግሞ 3.5። ከዚያ የፈጠነ ጠርዝ ብትሰጡት እንኳ እሱ በራሱ ፍጥነት ነው የሚስለው።

"1 ጊጋ ሳምፕል በሰከንድ" (በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ነጥብ ይለካል) የሚለውም ማስታወቂያ ቻናሎቹ የሚካፈሉት ነው። ሪጎል ዲኤስ1054ዜድ የሚባለው ስኮፕ ላይ አራቱንም ቻናል ከከፈታችሁ ለእያንዳንዱ 250 ሚሊዮን ይደርሰዋል። ሲግለንት ኤስዲኤስ1104ኤክስ-ኢ ላይ ቻናሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚካፈሉ 500 ሚሊዮን ይሆናል።

እኔን ያሸነፈኝ ግን ሜሞሪው ነው። አሮጌው ስኮፕ የሚይዘው 2,500 ነጥብ ብቻ ነበር። 100 ሚሊሰከንድ ልይ ካላችሁ በየ40 ማይክሮሰከንዱ አንድ ነጥብ ብቻ ይወስዳል። የእኛ ሲግናል አንድ ሙሉ ዙር 10 ማይክሮሰከንድ ነው። እንግዲህ ምን እንደሚያይ አስቡት። እነዚህ አዳዲሶቹ 12 ሚሊዮን፣ 14 ሚሊዮን ነጥብ ይይዛሉ። ኤፍኤፍቲ የሚባለውን (ሲግናሉን በፍሪኩዌንሲ ከፋፍሎ የሚያሳየውን) ደግሞ አንዴ ከፍቼ አየሁትና ዘጋሁት።

በመጨረሻ ባለ 100 ሜጋኸርዝ፣ ባለአራት ቻናል ስኮፕ ተገዛ። አዳዲስ ፕሮቦች (ስኮፑን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኙት ባለገመድ ጫፎች) አብረውት መጡ። ፕላስቲካቸውን እንኳ አልቀደድኩም። የአሮጌው ስኮፕ ፕሮብ እጄን ለምዳለች። መንጠቆዋ ጥብቅ ነው፣ ገመዷ ለስላሳ ነው፣ ስንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ከአሮጌው ነቀልኳትና አዲሱ ላይ ሰካኋት።

የምንፈትነው ቦርድ ትራንዚስተር የሚነዳ ባለ 12 ቮልት፣ 100 ኪሎኸርዝ ካሬ ሞገድ (በዜሮና በ12 ቮልት መካከል የሚገለባበጥ ሲግናል) ያወጣል። ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ጫፍ ከ12.5 ቮልት ካለፈ ቦርዱ ይወድቃል። የመጀመሪያው 13.2 አሳየ። ሁለተኛው 13.2። ሦስተኛው 13.1። ከዚያ በኋላ ቆም ብሎ ማሰብ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ዝም ብዬ ለጠፍኩ። ያን ሁሉ ቦርድ በአንድ ልክ የሚያበላሽ ምን ዓይነት ብልሽት ነው ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም።

የዲዛይን ኢንጂነሩ ሁለት ቀን ተሰቃየ። የጌት ሬዚስተሩን (ወደ ትራንዚስተሩ የሚገባውን ሲግናል የሚያዘገየውን) ከፍ አደረገ፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ካፓሲተር ጨመረ፣ ያው ነው። በአንዱ ቦርድ ላይ ቺፑን ራሱ ነቅሎ በአዲስ ቀየረው። 13.2። ፓወር ሰፕላዩን በመልቲሜትር ለካን፣ 12.0 ድርቅ ብሎ ቆሟል። "12 ቮልት የሚበላ ቺፕ ከየት አምጥቶ ነው 13.2 የሚተፋው?" አለ። መልስ አልነበረኝም። "ኢንደክታንስ ይሆናላ" አልኩ፣ አንድ ነገር ማለት ስላለብኝ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ፒንሴት ሊዋሱ መጡ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ከእኛ ሁሉ በፊት የነበሩ ቴክኒሻን ናቸው። ፒንሴቱን ያዙና ስክሪኑን ትንሽ አዩት።

"ከዜሮ በታች 0.6 ወርዷል" አሉ። "ከ12 በላይም 0.6 ወጥቷል። እኩል። አይገርምህም?"

አልገረመኝም፣ ምክንያቱም አላየሁትም። ስኮፑ ከስክሪኑ ግርጌ ቁጥሩን ራሱ አስልቶ ይጽፍልኛል። እኔ የማነበው ያንን ቁጥር ብቻ ነበር። ይሄ ፊቸር ሰንጠረዤ ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ነው።

"ፕሮቧን አስተካክለሃታል?"

"አዎ ጋሼ፣ 10 ኤክስ ላይ ናት። ስኮፑም 10 ኤክስ ላይ ነው።"

"እሱን አልጠየቅኩህም" አሉና ፕሮቧን ከቦርዱ ላይ ነቅለው ስኮፑ ፊት ላይ ካለችው ትንሽ የብረት ምላስ ጋር አያያዟት። 1 ኪሎኸርዝ ካሬ ሞገድ የምትሰጠዋ ምላስ። ሳጥኑን ከከፈትኩ ጀምሮ ነክቻት አላውቅም።

ስክሪኑ ላይ የመጣው ካሬ አልነበረም። እያንዳንዱ ጠርዝ ቀንድ አብቅሏል። ሽቅብ ይዘልና ቀስ እያለ ወደ ልኩ ይንሸራተታል። ቁልቁልም እንዲሁ።

ጋሼ ብዙ አያወሩም። ገመዱ ከሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ የተጻፈውን በጣታቸው አሳዩኝ፤ የስኮፑ የራሱ ሬዚስታንስ 1 ሜጋኦም፣ ካፓሲታንሱ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) 15 ፒኮፋራድ። ከዚያ አሮጌውን ስኮፕ ከመደርደሪያው ስር አውጥቼ እንዳይ አደረጉኝ። 25 ፒኮፋራድ ይላል።

ባለ 10 ኤክስ ፕሮብ ጫፏ ላይ 9 ሜጋኦም አለ። ከስኮፑ 1 ሜጋኦም ጋር ሆነው ቮልቴጁን ለአሥር ያካፍሉታል። ይሄ የሚሠራው ሲግናሉ ዝግ ሲል ነው። ሲፈጥን ግን የሚያካፍሉት ካፓሲተሮቹ ናቸው፤ ጫፏ ላይ ያለችው ትንሿ በአንድ በኩል፣ የገመዱና የስኮፑ ድምር በሌላ በኩል። ሁለቱ ክፍፍል እንዲገጥም ፕሮቧ ላይ የምትዞር ትንሽ ብሎን አለች። የእኔ ፕሮብ ድሮ የተገጠመችው ለ25ቱ ነው። ከ100 ፒኮፋራድ አካባቢ ድምር ላይ 10 ሲቀነስ (25ቱ 15 ሲሆን) ፈጣኑ ሲግናል በአንድ አሥረኛ ገደማ ያብጣል። 12 ቮልቱ 13.2 የሆነው በዚህ ነው። አማካዩ 6 ቮልት ግን አይነካም፤ እብጠቱ ከላይና ከታች እኩል 0.6 የሆነውም ለዚያ ነው።

እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ቀንዱ ቦርዱ ላይ ለምን እንዳልታየ ነው። ቀንዱ ተንሸራቶ ልኩ ላይ እስኪደርስ 100 ማይክሮሰከንድ እና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የእኛ ሲግናል በየ5 ማይክሮሰከንዱ ይገለበጣል። ለመንሸራተት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የማየው ጠፍጣፋ፣ ንጹህ፣ መልከ መልካም ካሬ ነበር። ቁመቱ ብቻ ውሸት። 1 ኪሎኸርዝ ላይ ግን 500 ማይክሮሰከንድ ስላለው ጉዱ በሙሉ ይታያል።

ኪሴ ውስጥ የነበረውን ካቻቢቴ ሳወጣ ጋሼ እጄን ያዙኝ። ብረት ሲነካት ራሱ ካፓሲታንስ ይጨምራል፤ ካቻቢቴውን ስታነሱት ልኩ ይሄዳል። ካልተቀደደው ፕላስቲክ ውስጥ ትንሿን የፕላስቲክ መፍቻ አወጣን። ከሩብ ዙር ያነሰ ነው ያዞርኩት። ቀንዱ ጠፋ። ቦርዱ ላይ መልሼ ሰካኋት፤ 12.1።

ከዚያ ወዲህ ብሎኗን ሳላያት አልለካም። አዲስ እምነት እንደያዘ ሰው ግን አበዛሁት። ከሳምንት በኋላ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን መንቀጥቀጥ ሳይ በቀጥታ ብሎኗን ማዞር ጀመርኩ። ምንም አልተለወጠም። ያ የግራውንድ ገመዱ (ፕሮቧን ከቦርዱ ዜሮ ቮልት ጋር የሚያገናኘው) ነበር። 15 ሳንቲሜትር የሚሆን ገመድ ከፕሮቧ ጫፍ ካፓሲታንስ ጋር 100 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያንቀጠቅጣል። ገመዱን አውልቄ አጭሯን ስፕሪንግ ሳደርግ ለቀቀኝ። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ብሎኗን ግማሽ ሰዓት አዙሮ "ይቺ ተበላሽታለች" ብሎ መጣ። 1 ኤክስ ላይ ነበረች። እዚያ ላይ ብሎኗ ከሲግናሉ መንገድ ውጭ ናት፣ ባንድዊድዙም ወደ 6 ሜጋኸርዝ ይወርዳል።

የዚያን ቀን ሳጥኑን መልሼ ፈተንኩት። 21ዱ አለፉ። 22ኛው ኢንጂነሩ ቺፑን ሲነቅል ፓዱ (ቺፑ የሚበየድበት የመዳብ ቁራጭ) አብሮ የተነሳው ነው። ቦርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ቀዩን ምልክት አልላጠውም።