ደህናውን እጅ መሸፈን ትንሹ ሥራ ነው

አንድ ጎኑ ሽባ ለሆነ ልጅ የእንቅስቃሴ ሕክምና ስጀምር እጁ ከሚችለው ይልቅ ልጁ በእጁ የሚሠራውን አያለሁ። «እስቲ ጨብጥ» ሲባል የሚጨብጥ እጅ፣ ጨዋታው ሲደራ ጎኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ክዳን ማስከፈት፣ ዶቃ ማሰካት፣ ወረቀት ማስቆረጥና በቪዲዮ መቅረጽ ይቀድማል፤ መጨረሻ ላይ ያንኑ አስደግሜ አወዳድራለሁ።

ደካማው እጅ እንዲሠራ፣ ደህናውን በሚወልቅ ጓንት ወይም ስፕሊንት (እጅን በሚይዝ መደገፊያ) እሸፍናለሁ። ጀሶን ልጁ አያወልቀውም፤ ከሥሩ ቆዳው ቢላጥ ግን አይታይም። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ካበጠ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ወዲያው ይፈታል። እርምጃው ላልጸና ልጅ የምሸፍነው ተቀምጦ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ቢወድቅ የሚደገፈው በዚያ እጅ ነውና።

ዋናው ሰዓቱ ነው። አንዱ የታወቀ ጥብቅ ፕሮግራም በቀን 6 ሰዓት ለ15 ቀን፣ በድምሩ 90 ሰዓት ይወስዳል። ይህ ካልተቻለ ለአጠቃላይ የእጅ አጠቃቀም ከ30 እስከ 40 ሰዓት፣ ዚፕ እንደ መዝጋት ላለ አንድ ግብ ከ14 እስከ 25 ሰዓት አቅዳለሁ።

በልምምዱ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እለውጣለሁ፦ ወይ መጠኑን፣ ወይ ርቀቱን፣ ወይ ፍጥነቱን። ባለ 4 ሳንቲሜትር ኩብ በቀላሉ ካነሳ ባለ 2 እሰጠዋለሁ፤ ቦታውን ግን አላርቅም። ሁለቱ አብረው ከተለወጡ ልጁ ክንዱን መዘርጋት ትቶ በወገቡ ያዘነብላል። እግሩ ወለል ይርገጥ፣ ጠረጴዛው በክርኑ ልክ ይሁን። ጣቶቹን ለመክፈት የእጁን አንጓ ወደ ታች የሚያጥፍ ከሆነ ሥራውን በቆመ ሰሌዳ ላይ አደርግለታለሁ፤ እዚያ አንጓው ቀና ማለት ይቀለዋል። የቤተሰብ ችኮላም አለ፤ ልጁ ሲቸገር ቶሎ የሚያነሱለት ኩብ ከልምምዱ ተቀንሷል።

አንጎልን የሚለውጠው ይህ የራሱ የልጁ ሙከራ ነው። አንጎልን ከራስ ቅል ውጭ በማግኔት በሚያነቃቃ መሣሪያ ሲለካ እጁን የሚያዝዘው የኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ሽፋን) ክፍል ሲሰፋ፣ በኤምአርአይ ምስልም የነርቭ ሕዋሳት አካል የሚበዛበት ግራጫው የአንጎል ክፍል ሲጨምር ታይቷል። የነርቭ መስመሩ ግን ከልጅ ልጅ ይለያያል። ጉዳቱ በማህፀን ወይም በወሊድ ጊዜ ከደረሰ፣ ደካማውን እጅ የሚያዝዘው በዚያው ጎን ያለው ጤነኛው የአንጎል ግማሽ ሊሆን ይችላል። ደህናው እጅ ጣቶቹን ሲያነካካ ሌላው ሳይታዘዝ ከተከተለው ይህን እጠረጥራለሁ፤ ለሁለት እጅ ልምምድም ሰፋ ያለ ጊዜ እመድባለሁ።

የመጨረሻዎቹ ቀናት ለሁሉም ያለ ጓንት ናቸው። ቤት ሲገባ ለደካማው እጅ ቋሚ ድርሻ ይሰጠዋል፦ ደህናው ብሩሹን ሲይዝ፣ የጥርስ ሳሙናውን ቱቦ ደካማው ይይዛል።