ወደ ግራ የሚጎትተው ዶዘር

አሮጌ ዶዘር ወደ አንድ ጎን መጎተት ሲጀምር፣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «የመሪ ፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል» የሚል ነው። የመሪ ፍሪሲዮን ኃይልን ወደ አንዱ ጎን ሰንሰለት የሚያስተላልፍና የሚያቋርጥ ክላች ነው፤ ሸራው ደግሞ ዲስኮቹ ተጣብቀው እንዲዞሩ የሚያደርገው ልባስ ነው። ሸራ በውድ ዋጋ ይገዛል፣ ማሽኑ ይፈታል፣ ይገጠማል፣ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ያው ሕመም ተመልሶ ይመጣል። ሸራው የተንሸራተተበት ምክንያት ሳይታወቅ ሸራ መቀየር፣ እኔ በዚህ ሙያ ከማያቸው ኪሳራዎች ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ነው። በዚህ ሳምንት በድሬዳዋ፣ በደቻቱ የወንዝ ወለል ላይ አሸዋ የሚገፋ አንድ ያረጀ ዶዘር እንድመለከት ተጠርቼ ስለነበር፣ ያየሁትን ሳልረሳው ልጽፈው ወደድሁ።

ማሽኑ የዚያ የቀድሞ ትውልድ ነው። በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ እንደነበረው ካተርፒላር ዲ6 ሁሉ፣ የመሪ ፍሪሲዮኖቹ በደረቅ እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው፤ በዘይት ውስጥ የሚሠሩት ኋላ የመጡ ናቸው። እንዲህ ባለው ዶዘር እንደ መኪና ዲፈረንሻል የሚባል ነገር የለም። ከካምቢዮ የሚመጣው ኃይል አግድም የተጋደመውን ዘንግ ያዞራል፣ ዘንጉም በግራና በቀኝ ወዳሉት ሁለት ፍሪሲዮኖች እኩል ይደርሳል። ኦፕሬተሩ የግራውን ማንሻ ሲስብ የግራው ፍሪሲዮን ይለቃል፣ ፍሬኑን ሲጨምርበት የግራው ሰንሰለት ይቆማል፣ ማሽኑም ወደ ግራ ይዞራል። ስለዚህ ማንም ማንሻውን ሳይነካ የግራው ፍሪሲዮን ቢንሸራተት፣ ማሽኑ የተሳበ ያህል ወደ ግራ ያመራል።

ይሁን እንጂ ወደ ግራ የሚጎትተው የተንሸራተተ ፍሪሲዮን ብቻ አይደለም። የግራው ፍሬን ሳይለቅ ቢቀርም፣ የግራው ሰንሰለት ከቀኙ ይልቅ ቢወጠርም ማሽኑ ወደዚያው ያደላል። ኦፕሬተሩ «አቦ፣ ፍሪሲዮኑ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል» ሲለኝ፣ መጀመሪያ ባዶውን ሜዳ ላይ እንዲነዳልኝ ለመንሁት። ያለ ጭነት ቀጥ ብሎ ሄደ፤ የግራውን የፍሬን ቤት በእጄ ስዳስሰውም ከቀኙ የተለየ ሙቀት አልነበረውም። የያዘ ፍሬን ቢሆን ኖሮ ባዶውንም ይጎትት ነበር፣ ብረቱም ያቃጥል ነበር። የሰንሰለቶቹ ውጥረትም ተቀራራቢ ነበር።

ከዚያ ማንሻዎቹን በየተራ እንዲስብ አደረግሁ። እዚህ ላይ ጆሮ ከዓይን ይበልጣል። ማንሻው ተስቦ ፍሬኑ ሲረገጥ ሞተሩ ካቃሰተ፣ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው፤ ክረምት ውጭ ባደረ ማሽን ውኃ ገብቶ ዲስኮቹ በዝገት ሲጣበቁ፣ ወይም የሚንሸራተቱባቸው ጥርሶች ሲቦረቦሩ ይህ ይታያል። ሞተሩ ምንም ሳይመስለው ሰንሰለቱ መሽከርከሩን ከቀጠለ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ለቋል፣ ደካማው ፍሬኑ ነው። የእኛው ዶዘር በሁለቱም በኩል በደንብ ለቀቀ፣ በደንብም ቆመ።

የቀረው ጭነት ነበር። ምላጩን ከአሸዋው ክምር አስጠግቶ በአንደኛ ማርሽ ሲገፋ፣ የግራው ሰንሰለት ቀስ በቀስ ቆመ፣ የቀኙ ግን አሸዋውን እየቆፈረ ቀጠለ፣ ማሽኑም አፍንጫውን ወደ ግራ አዞረ። ሁለቱም ቆመው ሞተሩ ብቻውን ቢጮህ ጥፋቱን ሞተሩን ከካምቢዮ ከሚያገናኘው ከዋናው ፍሪሲዮን እፈልግ ነበር። አሁን ግን ኦፕሬተሩ እውነቱን ነበር፤ የግራው የመሪ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል። ብዙዎች የሚያቆሙት እዚህ ነው፤ ለእኔ ግን ምርመራው ገና የተጋመሰው እዚህ ላይ ነበር።

የማንሻውን ነፃ ጉዞ ለካሁ። ሸራ ሲሳሳ ማንሻው መያዝ ከመጀመሩ በፊት ያለው ልቅ ጉዞ እየጠበበ ይሄዳል፣ ፈጽሞ ሲጠፋም ሞላዎቹ ዲስኮቹን አጥብቀው መጫን ያቅታቸዋል። የግራው ጉዞ ጠቧል፣ ግን አልጠፋም። ስለዚህ ከማሽኑ ሥር ተኝቼ የፍሪሲዮን ቤቱን የማፍሰሻ ቡሎን ፈታሁ። ደረቅ መሆን ከሚገባው ቤት፣ የሸራ ዱቄት የተቀላቀለበት፣ ጭቃ የመሰለ ጥቁር ዘይት በዝግታ ወረደ። በጣቶቼ መካከል ሳሸው ወፍራም ነበር፣ ሽታውም የማርሽ ዘይት ነው። የቀኙን ስፈታ ጥቂት ደረቅ አቧራ ብቻ ወደቀ።

ዘይቱ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው፤ ወይ ከመሐሉ የካምቢዮ በኩል፣ ወይ ሰንሰለቱን ከሚያዞረው የጎን ማርሽ ሳጥን። ሁለቱን ለመለየት መፍታት አያስፈልግም፣ መለካት ይበቃል። የካምቢዮው ዘይት ልኩ ላይ ነበር፣ የግራው የጎን ማርሽ ሳጥን ግን ጎድሏል። ዘይቱን ያሳለፈው በዚያ በኩል ያለው ፓራሊዮ፣ ማለትም በዘንጉ ዙሪያ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት፣ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ከዚህ በኋላ የድሮ መካኒኮች የሚያደርጉትን አደረግን። ቤቱን በነጭ ጋዝ ሞልተን፣ ማሽኑን በቀስታ እያንቀሳቀስንና ማንሻውን እየሳብን እየለቀቅን ዲስኮቹን አጠብን፣ ከዚያም አፍስሰን እስኪደርቅ ጠበቅን። በአካባቢው እሳትና ሲጋራ እንዳይኖር አጥብቄ ከልክዬ ነበር፤ በድሬዳዋ ሙቀት የነጭ ጋዝ ትነት የሚናቅ አደጋ አይደለም። ይህን እጥበት እንደ መድኃኒት የሚቆጥሩ አሉ፤ ዘይቱ እየገባ እስከቀጠለ ድረስ ግን መድኃኒት አይሆንም። እኔ የምፈልገው ለምርመራ ነው። ከታጠበ በኋላ ያንኑ ክምር ሲገፋ ሁለቱም ሰንሰለቶች እኩል ቆፈሩ። ሸራው ገና በሕይወት አለ፣ ሞላዎቹም አልደከሙም ማለት ነው።

ኦፕሬተሩ ሌላም ነገር ነግሮኝ ነበር። በደንገጎ ቁልቁለት ሲሠራ የግራውን ማንሻ ስቦ ማሽኑ ወደ ቀኝ እንደዞረበትና እጅግ እንደደነገጠ አጫወተኝ። ይህ ብልሽት አይደለም። ቁልቁለት ላይ የማሽኑ ክብደት ራሱ ስለሚገፋ፣ ማንሻው ተስቦ ፍሬን ካልታከለበት የተለቀቀው ሰንሰለት ሞተሩ ከያዘው ሰንሰለት ይልቅ ይፈጥናል፣ ማሽኑም በተቃራኒው ይዞራል። በደረቅ ፍሪሲዮን የሚሠራ ወጣት ሁሉ ይህን ገደል አፋፍ ላይ ከመድረሱ በፊት ሊማረው ይገባል።

ፓራሊዮውን ለመቀየር ፍሪሲዮኑ መውጣቱ አይቀርም፤ መቀመጫውና የላይኛው ክዳን ይነሣል፣ ድካሙም ያው ነው። ልዩነቱ ተመልሶ በሚገባው ነገር ላይ ነው። ሸራ ብቻ ተቀይሮ ቢዘጋ፣ አዲሱ ሸራ በአሮጌው ፓራሊዮ ዘይት ይጠጣ ነበር። ፓራሊዮው የሚቀመጥበት ዘንግም ከጊዜ ብዛት ተቦርቡሮ ከሆነ፣ አዲስ ፓራሊዮ ብቻውን አይበቃም፤ ዘንጉ ላይ ቀጭን የብረት ቀለበት መልበስ ይኖርበታል። ባቡር በእ.ኤ.አ. 1902 ከደረሰባት ጀምሮ ብረት ስትሠራ በኖረች ከተማ፣ በባቡር ጋራዥ እጃቸውን ያሟሹ አንድ ጋሼ ስላሉ፣ ዘንጉ እንደወጣ ልኩን ይዤ ወደ እሳቸው እሄዳለሁ።

ባለንብረቱ ሥራው እንዳይቆም ክረምቱ እስኪያልፍ እየታጠበ ይሥራ የሚል ሐሳብ ነበረው። አልተስማማሁም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ያደረሰውን እልቂት ያየች ከተማ የወንዟን መሄጃ የምትጠርግበት ማሽን፣ ዝናቡ ሲመጣ አንድ ሰንሰለቱ የሚቆም መሆን የለበትም። በመጨረሻ ተግባብተናል፤ ፓራሊዮውን እሱ ሊያፈላልግ፣ እኔም ሰኞ መፍታት ልጀምር።